ጓንዡ ላይ ማምሸት፦ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

ወደ ቻይናዋ ከተማ ጓንዡ የሚሄደው የአገራችን ሰው አብዛኛው ለዕቃ ነው የሚሄደው። ቀኑን ከገበያ ገበያ ሲዞር ይውላል። ማታ ሆቴሉ ገብቶ ስልኩን እያየ ይተኛል። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። ጓንዡ የሚያምረው ሲመሽ ነው። ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ወንዙ ዳር ሰው ይወጣል፤ ምግብ ቤቶች ጠረጴዛቸውን ወደ ደጅ ያወጣሉ።

ሰው ማታ እንዳይወጣ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ይገባኛል። ቋንቋው ያስፈራል፤ ሂሳቡ ያሳስባል፤ መመለሻው ይጨንቃል። ለሦስቱም መላ አለ። መላው የሚሠራው ግን አስቀድሞ ሲዘጋጅ ነው። ሞቅ ካለ በኋላ ካርድ መመዝገብም ሆነ አድራሻ መፈለግ አይሆንም።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እዚያ 21:00 ተብሎ የሚጻፈው ለእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። የጓንዡ ሰዓት ከአዲስ አበባ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ቤተሰብ ጋር መደወል የሚፈልግ ሰው ይህን ይያዝ።

1. ስልካችሁን ቀን ላይ አዘጋጁ

ቻይና ውስጥ ሂሳብ የሚከፈለው በስልክ ነው። አሊፔይ ወይም ዊቻት የተባለው የስልክ መተግበሪያ ያስፈልጋችኋል፤ ቢቻል ሁለቱም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ከሁለቱም ጋር ማገናኘት ቀላል ሆኗል። ፓስፖርት ፎቶ አንስቶ ማስገባት ይጠየቃል። ይህን ሁሉ አገር ቤት እያላችሁ ጨርሱት። ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ወደ አገር ቤት ሲማችሁ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ መልእክቱ ካልገባ ትቸገራላችሁ።

ስትደርሱ ደግሞ ቀን ላይ አንድ ውሃ ግዙበትና ሞክሩት። ካርዱ እምቢ ካለ ሱቅ ውስጥ ውሃውን መልሶ መውጣት ይቻላል። ከጠጡ በኋላ እምቢ ሲል ግን ሌላ ጣጣ ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። በውጭ ካርድ ስትከፍሉ በአንድ ክፍያ ከ200 ዩዋን በታች ከሆነ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ከዚያ ካለፈ 3 በመቶ ይጨመራል። ስለዚህ ቢራ ሲመጣ ወዲያው መክፈል፣ ሁሉን አጠራቅሞ መጨረሻ ላይ ከመክፈል ይሻላል። ገንዘብም ይቆጠባል፤ ሂሳቡም አይምታታም።

ጥሬ ገንዘብም ያዙ። ጥቂት የ100 ዩዋን ኖቶችና ዝርዝር ይበቃል። ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለት በሕግ አይፈቀድም፤ ነገር ግን መልስ የማይኖራቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ዝርዝሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ታክሲ የሚጠራው በዲዲ ነው። አሊፔይ ውስጥ ስላለ ለብቻ ማውረድ አያስፈልግም፤ በእንግሊዝኛም ይሠራል። መድረሻውን ስለምትጽፉበት ከሹፌሩ ጋር ብዙ መነጋገር አይጠበቅባችሁም።

የሆቴሉን ካርድ ከእንግዳ መቀበያው ውሰዱ። አድራሻው በቻይንኛ የተጻፈበት ነው። ፎቶ አንሱትና ካርዱንም ኪስ ውስጥ ክተቱ። ስልኩ ቢዘጋ የሚመልሳችሁ እሱ ነው። ባትሪ ካለቀ ግን አትደንግጡ። ባሮችና ሱቆች ውስጥ የሚከራይ ፓወር ባንክ አለ፤ ኮዱን ስካን አድርጎ መውሰድ ነው፤ ሌላ ቦታም መመለስ ይቻላል።

ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ጉግልና ፌስቡክ በሆቴሉ ዋይፋይና በቻይና ሲም አይሠሩም። ከውጭ ያመጣችሁት ሲም በሮሚንግ ከሆነ ይሠራሉ። ጓደኞቻችሁ ጋር ለመገናኘት ሁላችሁም ዊቻት ላይ ብትሆኑ ይቀላል። የትርጉም መተግበሪያውንም ቻይንኛውን አስቀድማችሁ አውርዱ።

ፓስፖርቱስ? ይዛችሁ ውጡ። የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱን ይዞ መንቀሳቀስ እንዳለበት የቻይና ሕግ ያዛል። ፖሊስ በተለይ ሺያኦበይ አካባቢ (አፍሪካውያን ነጋዴዎች የሚበዙበት ሰፈር ነው) እና መጠጥ ቤቶች ውስጥ ሊጠይቅ ይችላል። በዚፕ የሚዘጋ የውስጥ ኪስ ያለው ልብስ ልበሱ።

2. ሰፈሩን እናንተ ምረጡ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ይህን ይያዝ። የምትሄዱበትን ቤት እናንተ ምረጡ። መንገድ ላይ ያገኛችሁት ሰው አይምረጥላችሁ። "እንግሊዝኛ ልለማመድ፣ አንድ ቦታ ሻይ እንጠጣ" የሚል ወዳጅነት መጨረሻው ብዙ ጊዜ የተጋነነ ቢል ነው። ሻዩ ወይም ወይኑ ይመጣል፤ ዋጋ አይነገርም፤ ከዚያ በር ላይ ሁለት ጎረምሶች ይቆማሉ። ሰውየው ወይም ልጅቷ እውነተኛ ከሆኑ እናንተ ያላችሁት ቦታ ይመጣሉ። እምቢ ካሉ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰፈሮቹ።

ለመጀመሪያ ምሽት ፓርቲ ፒየርን አስቀድማለሁ። ቻይናዎቹ ፓቲ ይሉታል። የዕንቁ ወንዝ ደቡብ ዳር ላይ፣ በዙጂያንግ ቢራ ፋብሪካ ግቢ የተሠራ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የቢራ ሙዚየምም እዚያው አለ። ባሮቹና ምግብ ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ተደርድረዋል። የሚመቸው ነገር በእግር እየተዘዋወሩ አይቶ መምረጥ መቻሉ ነው። ሙዚቃው ከበዛባችሁ ወደሚቀጥለው ትሻገራላችሁ። ቤተሰብ ይዞ የሚመጣም አለ፤ ስለዚህ የማይጠጣ ሰው ባይተዋር አይሆንም።

ለካንቶን ፌር (ካንቶን የጓንዡ የድሮ የፈረንጅ ስም ነው) የሄዳችሁ ከሆነ ደግሞ ጎረቤታችሁ ነው። አውደ ርዕዩ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፀደይና በመጸው ይካሄዳል። አዳራሾቹ ያሉት ፓጆው ሰፈር ነው። ከዚያ በወንዙ ዳር የሚሄደው ትራም ፓርቲ ፒየር ላይ ይቆማል፤ ቀጥሎም እስከ ካንቶን ታወር ይዘልቃል። ከፌሩ ስትወጡ ታክሲ ፍለጋ ከመሰለፍ ትራሙን ያዙ። መስመሩ ራሱ ሽርሽር ነው። በመስኮት የምታዩት 600 ሜትር የሚረዝመው ማማ በቀለማት ሲያበራ ነው።

ሺያኦበይ ያረፈ ሰው ሌላ ቀላል መንገድ አለው። በሜትሮ 5ኛው መስመር ይግባና ሳይቀይር ዙጂያንግ ኒው ታውን ይውረድ። ይህ የባንኮችና የፎቆች ሰፈር ነው። ሺንግሸንግ መንገድ ላይ ባሮችና ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን አሉ፤ ደጅ መቀመጫም አላቸው። ኳስ ለማየት፣ ድራፍት ለመጠጣት፣ እንግሊዝኛ የሚሞክር አስተናጋጅ ለማግኘት ከሌላው ሰፈር ይሻላል። ከፍታ የሚወድ ሰው እዚያው አካባቢ ባለ 103 ፎቁ አይኤፍሲ ሕንፃ ውስጥ፣ ፎር ሲዝንስ ሆቴል 99ኛ ፎቅ ላይ ባር አለ። ዋጋው ከፍ ይላል። አንድ ብርጭቆ ይዞ ከተማውን ቁልቁል ማየት ግን ለሚወዱት ሰው የሚጋበዝ ነገር ነው። ነጠላ ጫማና ቁምጣ ይቅር።

ዶንግሻንኮው የእኔ ምርጫ ነው፤ አልደብቅም። ሜትሮ 1ኛውና 6ኛው መስመር ይደርሳሉ። የቀይ ጡብ አሮጌ ቪላዎች፣ ጥላ ያላቸው ጠባብ መንገዶች፣ ትንንሽ ካፌዎች አሉ። ሆፕ ኤንድ ሰሰሚ የተባለው ባር እዚህ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2016 ተከፈተ። ፊት ለፊት ሲታይ የድሮ ካንቶን ካፌ ነው፤ ባሩ ከጀርባ ተደብቋል። የኤስያ 50 ምርጥ ባሮች ዝርዝር ውስጥ የገባ ቤት ነው። ጭፈራ የለም። ቁጭ ብሎ ጨዋታ ለሚወድ ሰው ግን ልክ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ቀደም ብሎ መሄድ ወይም ማስያዝ ይሻላል።

ባይኤታን የድሮው የባር ሰፈር ነው፤ ፋንግጸን ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ፣ ከሻሚያን ደሴት ማዶ። ወንዙን እያዩ ለመቀመጥ ጥሩ ነው። የማይጠጣ ሰው ደግሞ ከዳሻቶው ወደብ የምሽት ጀልባ ይያዝ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጉዞ ነው፤ በድልድዮቹ ስር ያልፋል።

3. ስታዝዙ

የዋጋ ዝርዝር ሳታዩ አትዘዙ። ብዙ ቤት ዝርዝሩ የሚታየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮድ ስካን ስታደርጉ ነው፤ ሥዕልም ዋጋም አለው። ዝርዝር የለንም የሚል ቤት ከገጠማችሁ ተነሱ። መልካም ምሽት ብሎ መውጣት ነውር የለበትም።

ጭፈራ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ራሱ ዋጋ አለው። ለጠረጴዛው ቢያንስ ይህን ያህል ታዝዛላችሁ የሚል ወለል አለ። ሳትቀመጡ በፊት "ዲ ሺያኦ" ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን በስልክ ጽፈው ያሳዩአችሁ። ጠረጴዛ ሳይይዙ ባንኮኒው ጋ ቆሞ መጠጣት የሚቻልበት ቤት ካለ ለሁለት ሰው እሱ ይበቃል።

ቢራ ቀዝቃዛ እንዲሆን ከፈለጋችሁ "ቢንግ ደ" በሉ። ካላላችሁ ያልቀዘቀዘ ሊመጣ ይችላል። የአካባቢው ቢራ ዙጂያንግ ቀላል ነው፤ ለሙቀቱ ተስማሚ ነው። ዋጋ ለመጠየቅ "ዱኦ ሻኦ ቺየን"፣ ሂሳብ ለመጠየቅ "ማይ ዳን" ይበቃችኋል። ጉርሻ አይሰጥም። ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ ብትሄዱ አስተናጋጁ ረስታችኋል ብሎ ከኋላ ሊሮጥ ይችላል።

ርካሽ የጭፈራ ቤት ውስኪና ቮድካ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ተመሳስሎ የተሠራ መጠጥ በቻይና የታወቀ ችግር ነው። ጠርሙሱ ፊታችሁ ይከፈት። የታሸገ ቢራ ከሁሉ የተሻለ ነው። የማታውቁት ሰው ጠረጴዛ ላይ "ለውጭ ሰው ነፃ ነው" የተባለ የተቀዳ ብርጭቆም ይለፋችሁ።

4. ዳይስ ተማሩ

ቻይና ባር ውስጥ ገብታችሁ ከሁሉም ጠረጴዛ የሚንኳኳ ድምፅ ትሰማላችሁ። በኩባያ ውስጥ የሚናጥ ዳይስ ነው፤ ስድስት ጎኑ ላይ ከ1 እስከ 6 ነጥብ ያለበት ትንሽ የመጫወቻ ኩብ። ቋንቋ ሳታውቁ ከሰው ጋር የሚያቀራርባችሁ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ሕጉ ቀላል ነው።

እያንዳንዱ ሰው ኩባያና 5 ዳይስ ይይዛል። ሁሉም ይንጡና ኩባያውን ይደፋሉ። የራሳችሁን ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ታያላችሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ሰው በጠረጴዛው ላይ ባሉት ዳይሶች ሁሉ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ይገምታል። ለምሳሌ "ሦስት ባለ 4" ይላል። ቀጣዩ ወይ ከፍ ያደርጋል፤ "ሦስት ባለ 5" ወይም "አራት ባለ 2" ማለት ይችላል፤ ወይ ደግሞ አላምንህም ብሎ "ካይ" ይላል። ካይ ሲባል ሁሉም ይከፍታል። ይቆጠራል። የተባለው ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካለ ያላመነው ይጠጣል። ካነሰ ያለው ሰው ይጠጣል።

ባለ 1 ልዩ ነው። በማንኛውም ቁጥር ቦታ ይቆጠራል። ማንም ሰው ራሱን 1ን ጠርቶ ከሆነ ግን በዚያ ዙር ይህ መብቱ ይቀራል።

ለሁለት ሰው ስትጫወቱ የሚሆን ስሌት ልስጣችሁ። አንድ ዳይስ የምትፈልጉትን ቁጥር ወይም 1ን የማምጣት ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። ስለዚህ ከተጋጣሚያችሁ 5 ዳይስ ውስጥ በአማካይ ወደ ሁለት የሚጠጋ ይኖራል። የራሳችሁን ቆጥራችሁ ሁለት ጨምሩበት። ከዚያ በላይ ሲጠራ ካይ ለማለት ተዘጋጁ።

ቁጥሮቹን በጣት ማሳየት ይቻላል፤ ግን ከ6 ጀምሮ የእነሱ ምልክት ከእኛ ይለያል። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ሲዘረጉ 6 ነው። አውራ ጣትና ጠቋሚ ሲዘረጉ 8 ነው። ይህ ገበያ ውስጥም ይጠቅማል። ሻጩ 8 ሲላችሁ 2 ብላችሁ እንዳትረዱት።

የማይጠጣ ሰው በሻይ ወይም በለስላሳ ይጫወት። ማንም ቅር አይለውም።

5. አቅራቢው እራት ሲጋብዝ

ነጋዴ ከሆናችሁ ይህ አይቀርም። ፋብሪካውን ካያችሁ በኋላ ባለቤቱ እራት ይጋብዛል። ትልቅ ክብ ጠረጴዛ፣ መሃሉ የሚዞር፤ ቀጥሎ ባይጂዩ ይመጣል። ከማሽላ የሚጣራ የነሱ አረቄ ነው፤ 52 በመቶ አልኮል ያለው የተለመደ ነው። ትንሽ ብርጭቆ ስለሆነ አትናቁት። ጋንቤይ ከተባለ እስከ መጨረሻው ጠጥቶ ብርጭቆውን መገልበጥ ይጠበቃል።

ውሳኔያችሁን ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት አሳውቁ። መሃል ላይ "በቃኝ" ማለት ከባድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከጀመራችሁ ሁሉም በየተራ ይመጣል። ሳትጀምሩ "ጾም ላይ ነኝ" ወይም "ሃይማኖቴ አይፈቅድም" ብትሉ ግን ይከበራል። ብርጭቆአችሁን በሻይ ሞልታችሁ፣ በሻይ ልተካው ለማለት "ዪ ቻ ዳይ ጂዩ" በሉ። በነሱም ዘንድ የታወቀ ጨዋ አባባል ነው። ትንሽ መቅመስ የምትፈልጉ ደግሞ ጋንቤይ ሲባል "ሱዪ ዪ" በሉ፤ እንደ አቅማችን እንደ ማለት ነው።

ብርጭቆ ስታጋጩ የእናንተ ጠርዝ ከትልቁ ሰው ብርጭቆ ዝቅ ይበል። በሁለት እጅ ያዙት። ለታላቅ ዝቅ ማለት ለእኛ አዲስ ነገር ስላልሆነ አይከብዳችሁም። ሻይ ሲቀዳላችሁ ደግሞ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ። በካንቶን እንደዚህ ነው የሚመሰገነው። ዝም ብላችሁ ብርጭቆ ብቻ አታንሱ፤ በየመሃሉ ብሉ። በባዶ ሆድ ባይጂዩ የነገውን ቀን ይወስድባችኋል።

ዋጋ አትደራደሩ። ውል አትፈርሙ። ቀብድ በስልክ አታስተላልፉ። እራቱ ለመተዋወቅ ነው፤ ሂሳቡ በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ይሁን።

ከእራት በኋላ ካራኦኬ እንሂድ ይባላል። ኬቲቪ ይሉታል። በአንድ ክፍል ተዘግቶ ከጓደኛ ጋር መዝፈን ነው፤ ቤተሰብ ሁሉ የሚሄድበት ጨዋ ቦታ ሞልቷል። ሴቶች ተደርድረው ምረጡ የሚባልበት ዓይነትም አለ። እዚያ ከደረሳችሁ ደክሞኛል ብላችሁ ተመለሱ። ሴተኛ አዳሪነት በቻይና ሕገወጥ ነው፤ ገዢውም እስከ 15 ቀን ሊታሰር፣ የውጭ ዜጋ ከሆነም ከአገር ሊባረር ይችላል።

6. ጫት በፍጹም

ይህን ለብቻው የጻፍኩት ስለሚያሳስበኝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 መጀመሪያ ጀምሮ ጫት በቻይና ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው አደንዛዥ ነገሮች ጋር ተመድቧል። አገር ቤት ሕጋዊ መሆኑ እዚያ ምንም አይረዳም። ትኩስ ይሁን የደረቀ፣ "ሻይ" ተብሎ ይታሸግ፣ ለውጥ የለውም። ለሰው አድርሱልኝ የተባለ የታሸገ ዕቃ ሳታዩ አትቀበሉ። በፖስታም በስማችሁ እንዲላክ አትፍቀዱ። ሰው የታሰረበት ጉዳይ ነው።

ሐሺሽና ሌላውም እንደዚያው ነው። ፖሊስ ባር ውስጥ ገብቶ በቦታው ሽንት ሊመረምር ይችላል። ጠረጴዛችሁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከወጣ ሂሳብ ከፍላችሁ ወዲያው ውጡ።

7. ሲዩ ዬ

የካንቶን ሰው ሳይበላ አይተኛም። የሌሊቱ ምግብ ሲዩ ዬ ይባላል። ለእኔ የጓንዡ ምሽት ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ባር ባትወጡ እንኳ እሱን አይለፋችሁ። የሸክላ ድስት ሩዝ አለ፤ ስሩ እያረረ ሲመጣ ነው የሚጣፍጠው። ለስላሳ የሩዝ ገንፎ ከዓሣ ጋር አለ፤ የጠጣ ሰው ሆድ ያረጋጋል። በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ኦይስተር (የባሕር ዛጎል ሥጋ)፣ በቀጭን እንጨት የተሰካ ጥብስ አለ። ጣፋጭ ለሚወድ ዌንሚንግ መንገድ ላይ የወተትና የባቄላ ጣፋጮች የሚሸጡ ቤቶች ይደረደራሉ።

ሙስሊም ወገኖቻችን "ቺንግ ጀን" የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ ሺያኦበይ አካባቢ ብዙ ነው። ጾመኛ "ሱ" ብሎ ይጠይቅ። ይሁን እንጂ አትክልቱ በአሳማ ስብ ሊጠበስ ስለሚችል፣ ሥጋም ስብም እንዳይገባ በትርጉም መተግበሪያው ጽፋችሁ አሳዩ።

8. ስትመለሱ

ሜትሮው ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ መዘጋት ይጀምራል። የመጨረሻው ባቡር ሰዓት በየጣቢያው ይለያያል፤ ስትወርዱ ጣቢያው ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አንሱ። ባቡሩ ካመለጣችሁ በዲዲ ታክሲ ጥሩ። ታርጋውን ከስልኩ ጋር ሳታመሳክሩ አትግቡ። ባር በር ላይ ቆሞ "ታክሲ፣ ታክሲ" የሚል ሰው ጋ አትሂዱ፤ ቆጣሪ የለውም።

በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡ ድንገት ይወርዳል። ዝናብ ሲሆን ዲዲ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዝናቡ ሳይቀድማችሁ ጥሩት።

ተለያይታችሁ የምትመለሱ ከሆነ ሁሉም ሰው ሆቴሉ ሲገባ ዊቻት ግሩፑ ላይ ይጻፍ። ሴቶች እህቶቻችን የመኪናውን ጉዞ ከዲዲው ላይ ለጓደኛ ማጋራት ይችላሉ።

ችግር ቢገጥማችሁ ፖሊስ 110፣ አምቡላንስ 120 ነው። የተጋነነ ቢል ይዞ የሚያስፈራራ ቤት ካጋጠማችሁ አትጣሉ፤ ስልኩን አውጥታችሁ 110 ጻፉና አሳዩ። ብዙ ጊዜ ዋጋው እዚያው ይወርዳል። ካልወረደ ደውሉ። ከከፈላችሁ ደግሞ የክፍያውን ታሪክ፣ የቤቱን በርና የምልክቱን ፎቶ ያዙ። ፓስፖርት ከጠፋ መጀመሪያ አቅራቢያችሁ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የጠፋበትን ማስረጃ አውጡ፤ ከዚያ ማስረጃውንና የፓስፖርቱን ኮፒ ይዛችሁ ጓንዡ ወዳለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።